ጉልበት የማያልፍ ሐይቅ

ጀልባዋ ላይ ስድስት ነበርን። በተቀመጥንበት ተራ ልጥራ።

ከፊት ጋሽ ታደለ፤ የመንደራችን የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ የቀድሞ ቡና ነጋዴ፣ የዚያን ቀን ነጭ ባርኔጣ አድርገው የእጅ ድምፅ ማጉያ የያዙ። ከእሳቸው ቀጥሎ አቶ ዮናስ፤ ከሐዋሳ የመጡ እንግዳ። ከእንግዳው ጎን ሐጂ ሸምሱ፤ ዲላ ገበያው አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ጎረቤታችን። ከዚያ እናቴ ወይዘሮ እታገኝ፤ ጃንጥላ ዘርግታ። ከኋላ ጂግሶ፤ የመንደሩ ጥበቃ፣ ለዚያ ቀን ብቻ ጀልባ ቀዛፊ ሆኖ የተሾመ። መጨረሻ ላይ እኔ ዳዊት፤ ሙዚቃ የሚያሰማውን ሳጥን ጭኔ ላይ ታቅፌ።

መንደራችን ከዲላ ወጣ ብሎ ነው፤ ስሙ «ሐይቅ ዳር» ይባላል። ዲላን የሚያውቅ ሰው «ዲላ ደግሞ ምን ሐይቅ አላት?» ይል ይሆናል። ልክ ነው፤ አልነበራትም። የነበረው አስፋልቱ ሲሠራ ገረጋንቲ የሚባለው የመንገድ ጠጠር የወጣበት ጉድጓድ ነው። መንገድ ሠሪዎቹ ቆፍረው ሄዱ፣ ዝናብ ሞላው፣ እንቁራሪት ገባበት። በኋላ ዙሪያው ተሸንሽኖ ቪላ ሲሠራበት፣ ለጉድጓዱም ስም ወጣለት። የቤቶቹ መሠረት ሲቆፈር የወጣው አፈር ደግሞ በየክረምቱ እየታጠበ ገብቶ ጥልቀቱን ቀነሰው። መንገዶቹም ስም አላቸው፤ እኛ ያለንበት «ፔሊካን ጎዳና» ነው። ፔሊካን የሚባለው የሐይቅ ወፍ መጥቶ አያውቅም። ኮሚቴው ግን ተስፋ ስላልቆረጠ፣ እስኪመጣ ድረስ ዳክዬ ገዛ። ዳክዬዎቹ እስከ ሐይቁ መሐል ይሄዳሉ። «ይሄዳሉ» ያልኩት ተሳስቼ አይደለም፤ በእግራቸው ነው።

በመተዳደሪያ ደንባችን አንድ የተከለከለ ቃል አለ፦ «ኩሬ»። ይህን ቃል ስብሰባ ላይ የተናገረ ሰው ለተሰብሳቢው ለስላሳ ይጋብዛል። ሐጂ ሸምሱ ደጋግሞ አምልጧቸው ጋብዘዋል። ከዚያ ወዲህ «ያ ነገር» ነው የሚሉት። «ያ ነገር ትንኝ አበዛ፤ አንድ ነገር እናድርግለት» ይላሉ። ጋሽ ታደለ ደግሞ «ሐጂ፣ የሐይቅ ንፋስ ከትንኝ ጋር ነው የሚመጣው፤ በየትም ዓለም እንዲሁ ነው» ብለው ይመልሳሉ።

እኔ በዚያን ጊዜ ዝምተኛ ነበርኩ። አባቴ ሲሞት ትምህርቴን አቋርጬ ይርጋጨፌ በነበረው የእናቴ ሱቅ መሥራት ጀመርኩ። የተበላሸ ሬዲዮ እየፈታሁ፣ ያረጁ መጻሕፍት እየገዛሁ፣ የኤሌክትሪክ ሥራ ራሴን አስተማርኩ። እንዲህ ያለ ትምህርት ሰውን ጠንቃቃ ያደርገዋል፤ አንድ ሽቦ ከተሳሳተ እጅህን ያቃጥልሃል። ጥንቃቄዬ ግን ለሽቦ ብቻ ነበር። ሰው ሲሳሳት ስሰማ ትክክለኛውን በሆዴ ይዤ እቀመጣለሁ። እናቴ «ልጄ ጨዋ ነው» ትላለች። ጨዋነት ይሁን ፍርሃት አልመረመርኩትም።

እናቴ አንድ ጊዜ ለዘመድ ሠርግ ሐዋሳ ሄዳ ሐይቁን አየች። ተመልሳ የጨው ጆንያ ላይ ተቀመጠችና «ሰው ውኃ እያየ ሊያረጅ ይችላል ለካ!» አለች። ሐዋሳ ቤት መግዛት ለኛ የሚታሰብ አልነበረም። ዲላ አጠገብ «ሐይቅ ዳር» የሚባል መንደር ተሠራ ሲባል ሱቋን ሸጠች። ቁልፉን ያስረከበች ዕለት ባንኮኒውን በቀሚሷ ጫፍ ስትጠርገው አይቻለሁ።

ቪላው ሰፊ ነው። ሳሎኑ ያስተጋባል። እናቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ውኃውን ታያለች፤ ውኃውም እሷን ያያል፤ ሌላ ሰው የለም። ዕድሜዋን ሙሉ «እትዬ፣ ሳሙና አለ?» ሲሏት የኖረች ሴት «ደህና ዋልሽ» የሚላት አጣች። በአጥሩ በኩል ትንሽ መስኮት ከፍታ ጨውና ክብሪት ልትሸጥ ኮሚቴውን ጠየቀች። ጋሽ ታደለ በጣም አዘኑላት። «እታገኝ፣ ሱቅ እኮ የሠፈር ነው። እኛ ሐይቅ ዳር ነን። የሐይቅን ገጽታ ያበላሻል» አሏት። እናቴ አፈረች። ስለ መስኮቱ ዳግመኛ አላነሳችም።

አሁን ወደዚያ ቅዳሜ ልመለስ።

አቶ ዮናስ ያልተሸጡትን ቦታዎች በሙሉ ሊገዙ ይፈልጋሉ ተባለ። እሳቸው ከገዙ መንገዱ ይነጠፋል፣ የኛም ቤቶች ዋጋ ያወጣሉ። ካልገዙ እዚያው ከዳክዬዎቹ ጋር ነን። ስለዚህ ኮሚቴው እንግዳውን በጀልባ ሊያስጎበኝ ወሰነ። የሐዋሳ ሰው በጀልባ ሽርሽር ይደነቃል ብሎ ያሰበው ማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም። ጀልባዋ ራሷ ከሐዋሳ በአይሱዙ ተጭና የመጣች ናት።

ወሩ ጥር ነበር፤ ዝናብ ከራቀ ቆይቷል። እናቴ የስኳር በሽተኛ ናት። ጠዋት መርፌዋን ተወጋች፤ ቁርስ ግን አልበላችም።

«እማዬ፣ መርፌ ወስደሽ ሳትበዪ?»

«ጀልባው አንድ ዙር ነው፤ ተመልሰን ምሳ ነው። ደግሞ ይሄ ቀሚስ ቁርስ አያስገባም።»

እውነቷን ነው፤ ቀሚሱ ጠባብ ነበር። ሁልጊዜ ከረሜላ የሚቀመጥባትን ትልቋን ቦርሳም ትታ፣ ከመሐረብ በቀር የማይይዝ የሚያብረቀርቅ ትንሽ ቦርሳ አንጠለጠለች። «ትልቋ የገበያ ትመስላለች» አለች። ዝም አልኩ።

ምግቡ ዳር ላይ ድንኳን ውስጥ ተደርድሯል። ጎረቤቶች ለብሰው ወንበር ላይ ናቸው። ተሳፈርን። ጂግሶ ገፋን፣ ጀልባዋ እየተንፏቀቀች ሄደች። ጋሽ ታደለ ማጉያውን ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ እጃቸውን ቢዘረጉ ሊነኳቸው ለሚችሉት እንግዳ «ክቡር እንግዳችን! ከፊት ለፊትዎ የሚታየው ሰማያዊ ስፋት!» አሉ። አቶ ዮናስ ጆሯቸውን ያዙ። ውኃው ሻይ በወተት ይመስል ነበር።

መሐል ስንደርስ ከሥር «ሽርርር» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ቆምን።

ጂግሶ መቅዘፊያውን ሰክቶ ገፋ። መቅዘፊያው ጭቃ ውስጥ ተተክሎ ቀረ፤ ከውኃው በላይ አብዛኛው ይታያል። ሁላችንም አየነው። ሁላችንም ሰማይ ማየት ጀመርን።

«ምን ሆነ ጂግሶ?» አሉ ጋሽ ታደለ።

«ጋሽዬ፣ ጭቃው ይዟታል።»

«ጭቃ አትበል። ማዕበል ነው።»

«እሺ ጋሽዬ፣ ማዕበሉ ጭቃ አለው።»

ሐጂ ሸምሱ በጣታቸው ጫፍ ውኃውን ነካ አደረጉና «ታዲያ አንዱ ወርዶ ቢገፋትስ?» አሉ።

እዚህ ላይ ነገሩን ማስረዳት አለብኝ። ዳሩ ቅርብ ነበር፤ ድንኳኑ ውስጥ ክዳን ሲከፈት ወጡ ይሸተናል። የውኃውን ጥልቀት የማያውቅ የመንደሩ ሰው የለም። ግን አንድ ሰው ከወረደ ውኃው የት ላይ እንደሚደርስ ይታያል። እንግዳው ያያል። ከዚያ በኋላ ሐይቅ የሚባል ነገር አይኖርም፣ ሽያጭ አይኖርም፣ የእናቴ ሱቅም በከንቱ ተሸጠ ማለት ነው።

«መውረድ?» አሉ ጋሽ ታደለ። «ጥልቀቱ በማይታወቅ ሐይቅ? በሰው ነፍስ አልጫወትም። ጂግሶ፣ ደንቡ ምን ይላል?»

«ሐይቁ ውስጥ ሰው እንዳይገባ ይላል። የገባውን ጥበቃው ያስወጣል ይላል።»

«ሰሙ ሐጂ?»

«ታዲያ ጥበቃው ይግባ እንጂ!»

«እኔ ከገባሁ እኔን ማን ያስወጣል?» አለ ጂግሶ። ቀልዱን ይሁን የምሩን ፊቱ ላይ አይነበብም። ይሄን ሰው ወድጄው ነበር።

ጋሽ ታደለ ስልክ አወጡ። ሐዋሳ ደውለው የነፍስ አድን ጀልባ እንዲላክ አዘዙ። ከሐዋሳ! በአይሱዙ! «ይመጣሉ፤ ትዕግሥት ብቻ ነው» ብለው ተቀመጡ። ለእንግዳው «በትልልቅ ሐይቆች ላይ የሚያጋጥም ነው» አሏቸው። አቶ ዮናስ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሐዋሳ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንዳሰበ እግዚአብሔር ይወቅ።

ተቀመጥን። ፀሐዩ ጠነከረ። ጋሽ ታደለ ዳር ላሉት በማጉያው «አትደንግጡ! በቁጥጥር ሥር ነን!» ይላሉ፤ ዳር ያሉት ያለ ማጉያ፣ በተራ የንግግር ድምፅ፣ «እሺ፣ ምግቡን እንክደነው?» ብለው ይመልሳሉ።

በዚህ መሐል የጎረቤት ገበሬ ላም ከእንሰቱ ውስጥ ወጥታ መጣች። ዱሮም ውኃ የምትጠጣው እዚያ ነው። ገባች። እየጠጣች፣ እየተራመደች፣ ጀልባችን አጠገብ መጥታ ቆመች። ውኃው ጉልበቷ ላይ ነው። አንገቷን አዙራ አንድ በአንድ አየችን።

በመጨረሻ ጋሽ ታደለ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ይቺ ላም ዋና ትችላለች» አሉ።

«ቆማ ነው እንዴ የምትዋኘው?» አሉ ሐጂ ሸምሱ።

«ሐጂ!»

«ምን አልኩ? ያ ነገር አላልኩም!»

እኔ ሳቄን ለመደበቅ ወደ እናቴ ዞርኩ። ያን ጊዜ ነው ያየኋት።

ጃንጥላዋ ይንቀጠቀጣል። ንፋስ የለም። ግንባሯ ላይ ላቡ ችፍ ብሏል፤ ከንፈሯ ነጥቷል።

«እማዬ?»

«ደህና ነኝ።»

«ስኳርሽ ወርዷል። ከረሜላ አለሽ?»

ትንሿን ቦርሳ ከፈተች። መሐረብ። ሌላ ምንም። ሁሉንም ጠየቅኋቸው። ሐጂ ኪሳቸውን ገለበጡ፣ የሱቅ ቁልፍና የጥርስ እንጨት ነው። አቶ ዮናስ ጋ ውኃ ብቻ አለ። ጣፋጩ ሁሉ፣ ለስላሳው፣ ኬኩ፣ ዳር ላይ ጠረጴዛ ሞልቶ ይታየናል።

«ጋሽ ታደለ፣ እናቴ አሁኑኑ መውጣት አለባት» አልኩ። ከእሳቸው ጋር በዚያ ድምፅ ተናግሬ አላውቅም።

«ጀልባው መንገድ ላይ ነው ልጄ። ዲላ ሊገባ ነው።»

«እስከዚያ አትቆይም።»

ጋሽ ታደለ ክፉ ሰው አይደሉም። እናቴን አዩ፣ ውኃውን አዩ፣ እንግዳውን አዩ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ማጉያውን አነሱና ወደ ዳር «ለስላሳ የሚወረውር ጎበዝ አለ?» ብለው ጮኹ። አንድ ጠርሙስ ተወረወረ። ጀልባዋ ጋ ሳይደርስ ወደቀ፤ አልሰመጠም፤ ጭቃው ላይ አንገቱን አውጥቶ ቆመ። ከእጃችን ግን ራቀ። ሁላችንም ጠርሙሱን ማየት ፈራን።

የሙዚቃውን ሳጥን ከጭኔ አውርጄ ጫማዬን መፍታት ጀመርኩ። እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። እጇ በላብ ቀዝቅዟል።

«ዳዊት፣ እንዳትወርድ።»

«እማዬ፣ እየተንቀጠቀጥሽ ነው።»

«አንተ ልጅ ስማኝ። ሐይቅ ነው ብዬ ነው የመጣሁት። ሱቄን የሸጥኩት ለሐይቅ ነው። ብትወርድ...» ቃሉ ጠፋባት። ስኳር ሲወርድ ምላስ ይተሳሰራል። «ብትወርድ ምን ልሆን ነው?»

ይህን ጥያቄ ዛሬም ሌሊት ስነቃ እሰማዋለሁ። እናቴ መሞትን አልፈራችም፤ በከንቱ መሸጥን ነው የፈራችው። እኔስ? እኔ የፈራሁት ከዚያ ያነሰ ነው። ሰው ፊት እውነት መናገር ነው የፈራሁት፤ ያውም በአፌ ሳይሆን በእግሬ።

ዓይኗ መንከራተት ጀመረ። ጃንጥላው ከእጇ ወድቆ ውኃው ላይ ተገልብጦ ተቀመጠ።

ወረድኩ።

ውኃው ጉልበቴ ሥር ቀረ። ከሥሩ ለስላሳ ጭቃ፣ ከጭቃው ሥር ገረጋንቲ። ከዳር «ውይ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሰምጬ ቢሆን እንደዚያ አይሉም ነበር። እናቴን አዘልኳት። ልጅ ሳለሁ እሷ እንዳዘለችኝ። ክብደቷ አስደነገጠኝ፤ ቀላል ነበረች። በደካማ እጇ ጀርባዬን እየመታች «አውርደኝ... ቤቴን አፈረስከው» ትለኛለች።

መልስ መስጠት አልነበረብኝም። ግን ዕድሜ ልኬን ያጠራቀምኩት ዝምታ በአንዴ ወጣ። «እማዬ፣ ኩሬ ነው!» አልኩ። በእጄ ማጉያ አልነበረም። ሆኖም ከዳር እስከ ዳር ተሰማ። «ኩሬ ነው! ዱሮም ኩሬ ነው!»

ላሟ ሳትቀር ቀና አለች።

ድንኳኑ ውስጥ አስተኝተን ለስላሳ በጥቂት በጥቂቱ አጠጣናት። አንዲት ጎረቤታችን ማር በጣቷ ምላሷ ላይ ቀባችላት። ትንሽ ቆይታ ዓይኗ ተረጋጋ። መጀመሪያ ያለችው «ጃንጥላዬስ?» ነው። ያን ጊዜ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ከኋላዬ የሚንቦጫረቅ ውኃ ሰማሁ። ሐጂ ሸምሱ ሱሪያቸውን ሰብስበው «ያ ነገር ኩሬ ነው! ኩሬ! ኩሬ! የሁሉንም ለስላሳ እኔ እከፍላለሁ!» እያሉ እንደ ልጅ እየሳቁ ይመጣሉ። አንድ ጫማቸው ጭቃው ውስጥ ቀርቷል። ጂግሶ ጃንጥላውን አንስቶ፣ በሌላ እጁ ላሟን እየነዳ ወጣ፤ የገባውን ማስወጣት ሥራው ነውና። አቶ ዮናስ ሱሪያቸውን አጥፈው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ እየመዘኑ በሚመስል እርምጃ ተራመዱ። መሐል ላይ ቆመው በእግራቸው ጣት ጭቃውን ቆፈር ቆፈር አደረጉ።

ወጥተው እግራቸውን ሲያደርቁ አጠገቤ ነበሩ። «ይቅርታ፣ ጉብኝቱን አበላሸሁብዎት» አልኳቸው።

«ምን አበላሸህ?» አሉ። «እኔ እኮ የፈለግሁት ኩሬ ነው። ቆሮሶ ዓሣ ላረባ። ሐይቅማ የመንግሥት ነው፤ ማን ይሸጥልኛል? ሐይቅ ነው፣ ሐይቅ ነው ሲሉኝ ልመለስ ነበር።»

«ታዲያ ጀልባው ላይ ለምን አልተናገሩም?»

«እንግዳ ነኝ። ባለቤቱ ሐይቅ ካለ እንግዳ ኩሬ ይላል እንዴ?»

ስድስት ሰዎች ነበርን አልኳችሁ። ስድስታችንም እናውቅ ነበር።

ስድስተኛው ግን አልወረዱም። ጋሽ ታደለ ብቻቸውን ጀልባዋ ላይ ቀሩ፤ ባርኔጣቸውን አስተካክለው፣ ማጉያቸውን ታቅፈው። ሰው ምሳ እየበላ ያያቸዋል። ሳህን ልንወስድላቸው ብንጠይቅ «በጀልባ ካልሆነ አልቀበልም» አሉ። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ አይሱዙው ደረሰ። ሹፌሩ ወርዶ ግራ ቀኝ አየና «ሐይቁ የት ነው?» አለ። በመጨረሻ ሁለት ጀልበኞች ጀልባቸውን ትከሻቸው ላይ ተሸክመው፣ በእግራቸው ውኃው ውስጥ ገብተው፣ ጋሽ ታደለን አስቀምጠው፣ በገመድ እየጎተቱ አወጧቸው። በጀልባ ታደጓቸው ማለት ነው።

በማግስቱ ኮሚቴው ተሰበሰበ። የአቶ ዮናስ ጥያቄ ቀረበ፤ ቦታዎቹን እገዛለሁ፣ መንገዱን አስነጥፋለሁ፣ ውሉ ላይ ግን «ኩሬ» ተብሎ ይጻፍ። ክርክሩ ረጅም ነበር። በድምፅ ብልጫ «ሐይቅ» አሸነፈ። አቶ ዮናስ አመስግነው ወደ ወናጎ በኩል ሌላ ጉድጓድ ፍለጋ ሄዱ። ዳክዬዎቹ እስካሁን በእግራቸው ይሄዳሉ።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ምን ተማርክ ብትለኝ ብዙ አይደለም። ጀግና አልሆንኩም፤ ጉልበት በማይደርስ ውኃ ጀግና የለም። የገባኝ ዝምታዬ ጨዋነት እንዳልነበረ ነው። እናቴ በረንዳ ላይ ብቻዋን ስትደርቅ አይቼ ዝም ያልኩት፣ ያለ ቁርስ መርፌ ስትወጋ ዝም ያልኩት፣ ሁሉም ያው አንድ ጀልባ ላይ መቀመጥ ነው። ዛሬ ሰው ሲሳሳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ እናገራለሁ። አንዳንዱ ይቆጣኛል፤ እችለዋለሁ።

እናቴ ለብዙ ቀን አኮረፈችኝ። ምግብ ታቀርባለች፣ አታናግረኝም። አንድ ጠዋት የመዶሻ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ብወጣ ጂግሶ ከአጥሩ ላይ ቆርቆሮ እየነቀለ ነው፤ እናቴ ቆማ «ከፍ አድርገው፣ ሰው አጎንብሶ አይገዛም» እያለች ታዘዋለች። መሬት ላይ የጨው ጆንያ፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ አንድ ማሰሮ ሙሉ ከረሜላ።

«እማዬ፣ ኮሚቴውስ?»

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየችኝ።

«ሐይቅ ዳር ሱቅ ክልክል ነው አሉኝ፤ እሺ አልኩ» አለች። «ኩሬ ዳር ግን ማን ይከለክለኛል?»

የመጀመሪያው ደንበኛ የላሟ ባለቤት ነበር፤ ለላሟ አሞሌ ጨው ገዛ። ጋሽ ታደለም ይመጣሉ። ማታ ማታ፣ ሰው ሲቀንስ፣ የትንኝ ማባረሪያ ጥቅል ይገዛሉ። «ለንፋሱ ነው» ይላሉ። እናቴም «አውቃለሁ ጋሼ» ብላ ትጠቀልልላቸዋለች።

የዚያን ቀን ዳር ላይ ለነበራችሁ ሁሉ፦ እኔ መሐል ስለነበርኩ ያላየሁት ብዙ ነው። ጠርሙሱን የወረወረው ማን ነበር? ስወርድ «ውይ!» ያለችውስ ማን ናት? የሐጂ ሸምሱ ጫማ የግራው ነው የቀኙ? እሳቸው የግራው ይላሉ፤ እኔ ቀኝ እግራቸው ጭቃ ለብሶ አይቻለሁ። የሳትኩት ካለ አርሙኝ፣ የጎደለውን ጨምሩልኝ። ለመጻፍ ጊዜ የሌለው በመስኮቱ በኩል ብቅ ብሎ ለእናቴ ይንገራት። ሰው ሲያወራት ደስ ይላታል።